ያለ ደረሰኝ 6,000፣ በደረሰኝ 6,900፦ ግብሩን የሚከፍለው ማነው?

የቆጪ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምኖረው፣ አንድ የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ሰሞኑን አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሎኛል፣ እናንተ እንዴት እንደምታዩት ልጠይቅ ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት የኤሌክትሪክ ምጣድ ልገዛ መርካቶ ወጣሁ (የራሳችንን መርካቶ ነው የምላችሁ)። አራት ወር ያጠራቀምኳት ብር ናት። ሱቅ ገብቼ ዋጋ ስጠይቅ ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» አለኝ። ልዩነቱ ስንት ነው አልኩት። «ያለ ደረሰኝ 6,000፣ በደረሰኝ 6,900።» የደረሰኝ ማሽኑ እኮ ጠረጴዛው ላይ አለ። አቧራ እንዳይገባበት በላስቲክ ተሸፍኗል። ላስቲኩ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጧል። ብርጭቆው ሲነሳ ከሥሩ ክብ የሻይ ምልክት አየሁ፣ ደርቆ ጠቁሯል። ስንት ጊዜ እዚያው ቦታ እንደተቀመጠ ያስታውቃል።

እውነቱን ልናገር፣ ያለ ደረሰኝ ገዛሁ። 900 ብር ለኔ ቀላል ብር አይደለም። ቤት ስደርስ ግን የደሞዝ ወረቀቴን አውጥቼ አየሁት። ጠቅላላ ደሞዝ 11,000። የገቢ ግብር 1,950። ጡረታ 770። እጄ የሚገባው 8,280። እኔን ማንም «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ብሩን ሳላየው ተቆርጦ ያልቃል። እኔ መክፈሌ አይደለም የሚያናድደኝ። እኔ ሳልጠየቅ ስከፍል ሌላው ለመክፈልና ላለመክፈል ምርጫ ያለው መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የባሰ ነው። ግቢያችን ውስጥ የሰው ልብስ እያጠበች ሦስት ልጅ የምታሳድግ ሴት አለች። አምና በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የነፃ ተጠቃሚዎች ዝርዝር ውስጥ ነበረች። ዘንድሮ ስሟ የለም። ሄዳ ስትጠይቅ «የተመደበው ቁጥር ሞልቷል» ተባለች። ከሦስት ቀን በፊት ሌሊት በሬን አንኳኳች፣ ትንሹ ልጇ በትኩሳት ይነዳል። ጠዋት ይዣቸው ሄጄ ምርመራውን እኔ ከፈልኩ፣ ታይፎይድ ነው። ሂሳብ ስከፍል ያሰብኩት ያንን 900 ብር ነው። የነፃ ተጠቃሚዎቹ መዋጮ የሚሸፈነው ከመንግሥት በጀት ነው፣ በጀቱ ደግሞ ከግብር ነው የሚመጣው። ምጣዱን የገዛሁበት ቀንና የልጁ ሕመም በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለሆነ ይሆናል እንዲህ የከበደኝ።

ግብር ይጨመርና እንደሷ ላለው ሰው ሕክምና ይዋል ቢባል ትከፍላላችሁ? ወይስ መጀመሪያ የማይከፍለው ይክፈል ነው የምትሉት? እኔ ራሴ 900 ብር ሸሽቼ ይህን መጠየቄስ ልክ ነው?

ባለ ሱቁ

እህቴ፣ ጠይቀሻልና በቀጥታ ልመልስልሽ። እኔም መርካቶ ነው የምሠራው፣ የቤት ዕቃ ነው የምሸጠው። ነጋዴ ሁሉ ሌባ ነው የሚለው ወሬ ስለሰለቸኝ ነው የምጽፈው።

በ2009 ክረምት የሆነውን ላጫውትሽ። ያኔ ደረጃ ሐ ነበርኩ፣ የትንንሽ ነጋዴ የግብር ደረጃ ማለት ነው። ደረጃ ሐ መዝገብ ስለማይዝ ግብሩ ቁርጥ ነው፣ ቁርጡ ደግሞ የሚወጣው በቀን ገቢ ግምት ነው። ገማቾቹ እኔ ጋ የመጡት ሐሙስ ቀን ነው። ሐሙስ ጅማ ላይ ምን ማለት እንደሆነ የከተማው ሰው ያውቃል፣ ከየገጠሩ ሰው ሲገባ ሱቄ እግር ማስገቢያ የለውም። በር ላይ ቆመው አዩ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። ሐሙስን አይተው ሳምንቱን ሙሉ ሐሙስ አደረጉት። ማክሰኞ ቢመጡ ኖሮ ከአምስት ደንበኛ በላይ አያዩም ነበር። የመጣብኝን ቁጥር ሳይ እግሬ ከዳኝ፣ ወላሂ። በዚያ ክረምት አምቦና ወሊሶ ሱቅ የተዘጋው በዚሁ ግምት የተነሳ ነው። እኔ ቅሬታ አስገባሁ፣ ተቀነሰልኝ። እንዴት እንደተጨመረ ሳላውቅ፣ እንዴት እንደተቀነሰም ማንም ሳይነግረኝ ከፈልኩ።

አሁን ደግሞ ወደ ደረሰኙ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ የ100 ሺህ ብር ዕቃ አመጣለሁ እንበል። ደረሰኝ ስጠይቀው የ40 ሺህ ነው የሚቆርጥልኝ። ካልተስማማህ ተወው፣ ሌላ ገዢ አለ ይለኛል። እኔ ለደንበኛዬ ሙሉ ደረሰኝ ብቆርጥ የገዛሁት በ40 የሸጥኩት በ115 ሆኖ ይታያል። ባላተረፍኩት ትርፍ ላይ ግብር እከፍላለሁ፣ ያልተቆረጠልኝን የግዢ ቫት (የተጨማሪ እሴት ታክስ) ደግሞ ከሽያጩ ቫት ጋር ማቀናነስ ስለማልችል እሱም ከኪሴ ይወጣል። ስለዚህ ያንን ልጅ ከመውቀስሽ በፊት ዕቃውን ማን እንደሸጠለት ጠይቂ። ደረሰኙ የሚጠፋው እኛ ጋ ሲደርስ አይደለም፣ ከላይ ጀምሮ ነው።

ለድሃ ትከፍላለህ ወይ ላልሽው፣ አዎ እከፍላለሁ። ዘካዬን በየዓመቱ ከመቶ 2.5 ቆጥሬ አወጣለሁ፣ የሚቆጣጠረኝ ሰው የለም። ቆጥሬ የማወጣው ራሴ ነኝ፣ የሚገባበትንም ቤት አውቀዋለሁ። ግብሩም እንደዚያ ቢሆንልኝ ማሽኑን እኔው ራሴ እከፍተዋለሁ።

ሂሳብ ሠራተኛው

የቆጪ ልጅ፣ የደሞዝሽን ስሌት አይቼዋለሁ፣ ልክ ነው። ግን ስለ 900ዋ ብር አንድ ነገር ልጨምር። ቫት 15 በመቶውን የሚከፍለው የመጨረሻው ገዢ ነው፣ ነጋዴው ሰብሳቢ ነው እንጂ ከኪሱ አያወጣም። ታዲያ «ያለ ደረሰኝ» ሲልሽ ላንቺ አስቦ አይደለም። ደረሰኝ ካልተቆረጠ ሽያጩ የለም፣ ሽያጩ ከሌለ ትርፉም የለም፣ ትርፍ ከሌለ የገቢ ግብርም የለም። አንቺ 900 ብር ቀረልሽ፣ እሱ የቀረለትን ግን አታውቂውም። ብዙ ሰው ደረሰኝ ያልተቀበለ ጊዜ ያተረፈው ገዢው ይመስለዋል።

ስለ ደሞዝ ግብሩ። በቀድሞው የገቢ ግብር አዋጅ፣ በ979/2008 ቢሆን ከ11,000 ብር ላይ 2,350 ይቆረጥብሽ ነበር። 1,950 የሆነው በ2017 ሐምሌ በጸደቀው ማሻሻያ ነው። ከግብር ነፃ የሆነው የደሞዝ መነሻ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ከፍተኛው 35 በመቶ ደግሞ ከ10,900 በላይ መጀመሩ ቀርቶ ከ14,000 በላይ ሆነ። 400 ብር ቀለለልሽ ማለት ነው። ጥሩ ነው። ግን በ2008 ጅማ ውስጥ 10,900 ብር ደሞዝ ያለው ሰው ትልቅ ሰው ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። ዛሬ 14,000 የሚያገኝ ሰው ቤት ተከራይቶ ሁለት ልጅ ሲያስተምር ወሩ መቼ አልቆ እፎይ እላለሁ ነው የሚለው። ሕጉ ግን ከ14,000 በላይ ካለችው ከእያንዳንዷ ብር 35 ሳንቲም ይወስዳል፣ ልክ 150,000 ከሚያገኘው ሰው ላይ እንደሚወስደው። መሰላሉ እታች ደረጃ በደረጃ ነው የሚወጣው፣ እኛ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ከኛ በላይ ላለው ሰው ደረጃ የለውም። ስለ ፍትሐዊነት ከተነሳ እኔን የሚቆረቁረኝ ከደረሰኙ ይልቅ ይሄ ነው። በየወሩ የስንቱን ሰው ደሞዝ እሠራለሁ፣ ትርፍ ሰዓት ሠርቶ 1,000 ብር ያገኘ ሰው መጥቶ «650ዋ ብቻ ምነው?» ሲለኝ ሠንጠረዡን አውጥቼ ማሳየት ነው ሥራዬ። ሠንጠረዡን አይቶ «እሺ» ብሎ የሄደ አለ፣ ገብቶኛል ብሎ የሄደ ግን አላየሁም።

ባለ ሱቁ፣ ስለ ገማቾቹ ያልከውን አምንሃለሁ፣ እኔም በዚያ ክረምት የስንቱን ሰው ቅሬታ ጽፌያለሁ። ነገር ግን ደረጃ ሐ አሁን ቀርቷል። በማሻሻያው ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር ያልደረሰ ግለሰብ ነጋዴ ደረጃ ለ ነው፣ የሚከፍለውም በዓመታዊ ሽያጩ መጠን ነው። ስለዚህ የዕለት ሽያጭህን ጻፍ። ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ይበቃል። ሐሙስንም ጻፍ፣ ማክሰኞንም ጻፍ። ጥያቄ የመጣ ቀን በወሬ የሚከራከርና ደብተር ዘርግቶ የሚከራከር ሰው እኩል አይሰማም።

የጅምላ ሻጩ ነገር ግን እውነት ነው። የአገራችን የግብር ገቢ ከጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት 10 በመቶ አይሞላም። ጉድለቱ በምጣድ ሻጩና በባለ ሱቁ ላይ በመጮህ አይሞላም። ዕቃው ከጉምሩክ ወጥቶ ጅማ እስኪደርስ አራት እጅ ያልፋል፣ ደረሰኙ መከታተል ያለበት ከመጀመሪያው እጅ ነው።

ባጃጅ 3 እግር

ወገን እኔ ረጅም መጻፍ አልችልም፣ ሥራ ላይ ነኝ። ሰፈሬ መግቢያ ላይ ያለው ጉድጓድ ሁለት ክረምት አልፎታል። በሱ ሰበብ የፊት ጎማ ሁለቴ ቀይሬያለሁ፣ አንዴ ደግሞ እርጉዝ ጭኜ ሊገለብጠኝ ነበር። የዓመት ግብሬን ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነው። ለታመመ ሰው አይከፈል አላልኩም። የከፈልኩት የት እንደገባ ይነገረኝና ከዚያ ጨምር በሉኝ።

የእድር ጸሐፊ

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የሰፈራችንን እድር መዝገብ ከያዝኩ 19 ዓመቴ ነው። የባጃጁ ልጅ የተናገረው ነገር ነክቶኛል።

«ግብር» የሚለውን ቃል እስቲ አስቡት። በድሮው አነጋገር ግብር ይገባል፣ ግብር ይበላል። ገበሬው ለጌታው ግብር አገባ ይባላል። ጌታው አዳራሹን ከፍቶ፣ ሰንጋ ጥሎ፣ ጠጅ አስቀድቶ ሰውን ሲጋብዝም ግብር አበላ ነው የሚባለው። የሚገባውም የሚበላውም በአንድ ስም ነው የሚጠራው። ያ ዘመን ለገበሬው ደግ ነበር እያልኩ አይደለም፣ ገበሬው ብዙ አግብቶ ጥቂት ነው የበላው። ግን ቃሉ ራሱ የገባው ነገር መመለስ እንዳለበት ያውቃል። አባ ጅፋርንም ተመልከቱ። ለአፄ ምኒልክ በየዓመቱ ግብር እየላኩ ጅማን ከጦር አዳኑ፣ አስተዳደሯንም በእጃቸው አቆዩ። ከባድ ግብር ነበር፣ ሸክሙም እንደሁልጊዜው ገበሬው ላይ ነው የወደቀው። ቢያንስ ግን ምን እንደተገዛበት ሰው ያውቅ ነበር።

ወደ እድሬ ልመለስ። የኛ ሰፈር ሰው ግብር ላይ ያጉረመርማል፣ የእድር መዋጮ ላይ ግን አያጉረመርምም። ለምን? ድንኳኑን ያየዋል። ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ሂሳብ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ የገባው ይኸው፣ የወጣው ይኸው። ባለፈው ስብሰባ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ተሰብረው የነበሩት አራት ወንበሮች የት ገቡ?» አለኝ። የብየዳ ቤቱን ደረሰኝ ከመዝገቡ መሐል አወጣሁና ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ከዚያ ለጎኑ ሰው አቀበለው፣ እሱም አነበበ። ወረቀቱ እንደዚያ እያለ ሰባት ስምንት ሰው እጅ ዞሮ ተመለሰልኝ። ማንም አልተቀየመም፣ እኔም አልከፋኝም። ግብራችንም እንዲህ ይነበብልን። ቀበሌው ዘንድሮ ይህን ያህል ሰበሰበ፣ ለነፃ ሕክምና ይህን ያህል ዋለ፣ ለዚህ መንገድ ይህን ያህል ወጣ ተብሎ በር ላይ ይለጠፍ። የቆጪ ልጅ፣ ልጄ፣ ያኔ 900 ብሩን ሳትከፍይ ለመውጣት ይከብድሽ ነበር።

የመንደራ እናት

አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ በእድሩ አልስማማም።

ባለቤቴ ሲሞት እድሩ ቀበረልኝ፣ ድንኳን ተከለልኝ፣ ሦስት ቀን ሰው አልተለየኝም። አልክድም። ከዚያ በኋላ ግን መዋጮውን መክፈል አቃተኝ። ሦስት ወር አሳለፍኩ፣ ቅጣቱ ተደመረበት፣ በአራተኛው ተሰረዝሽ ተባልኩ። መዋጮው ለባለ ፎቁም ለኔም እኩል 50 ብር ነው። 50 ብር ለሱ ምኑም አይደለም፣ ለኔ ግን ያኔ የልጆቼ ቁርስ ነበር። እድር የሚያውቀው የከፈለውን ነው። ባዶ እጁን የቀረ ሰው እድር ውስጥ ቦታ የለውም። እኔን ዛሬ ያቆመኝ የጤና መድኑ ካርድ ነው፣ እሱ ደግሞ የመጣው እኔን ከማያውቅ ሰው ግብር ነው።

ልጄ አስም አለበት። ካርዱ ሳይኖረኝ በፊት ትንፋሹ ሲያጥረው መጀመሪያ የማስበው ከማን እንደምበደር ነበር። ከሱ ደረት ድምፅ ጋር የሰው ስም እቆጥራለሁ፣ እሷ ባለፈው ሰጥታኛለች፣ እሱን ገና አልመለስኩለትም እያልኩ። አሁን ካርዱን ይዤ እሮጣለሁ። በረመዳን ጎረቤቶቼ ዘካና ሰደቃ ያመጡልኛል፣ አላህ ይስጣቸው፣ ያለነሱ አልኖርም ነበር። ግን የሰው እጅ ስቀበል አንገቴን እደፋለሁ። ካርዱን በመስኮት ሳቀብል ግን ማንም ፊቴን አያየኝም። ቁጥሩን ጽፈው «ቀጣይ» ነው የሚሉት። ይሄ ለኔ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ አልችልም።

ጉድለቱንም ልናገር። ስንት ጊዜ መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዢ ተብያለሁ። የሚነፋውን መድኃኒት ከውጭ ስገዛ የወሩ አስቤዛ ይሄዳል። ባለ ሱቁ፣ ወንድሜ፣ ብሩ የገባበትን ቤት ማወቅ እፈልጋለሁ ብለሃል። አንዱ የኔ ቤት ነው።

የእድር ጸሐፊ

ልጄ፣ ልክ ነሽ። የኛም እድር ደንብ ላይ ሦስት ወር በተከታታይ ያልከፈለ ይሰረዛል የሚል አለ፣ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ያኔ ያሰብኩት ሰነፉን ነበር፣ ያጣውን አላሰብኩም። ጠቅላላ ጉባኤያችን በሚመጣው ወር ነው፣ አንቀጹ እንዲነሳ አቀርባለሁ።

የሊሙው

እኔ ሊሙ ኮሳ ነው ያደግኩት፣ አሁን ጅማ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። የጤና መድኑ በ2003 በሙከራ ሲጀመር አገር አቀፍ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የኛ ነበር። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ቤታችን ውስጥ አይቼዋለሁ።

አባቴ ቡና ገበሬ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት አልከፍልም አለ። «ሳልታመም ለሐኪም እከፍላለሁ እንዴ፣ ሕመም ልጥራ?» ብሎ መዝጋቢዎቹን መለሳቸው። የመሬት ግብሩን ይከፍላል፣ ያንን ማንም ጠይቆት አያውቅም። መዋጮውን ግን ፈቃድህ ነው ስላሉት እምቢ አለ። በዚያው ዓመት የአጎራባቻችን ሚስት ምጥ ጠንቶባት በቀዶ ሕክምና ወለደች። እነሱ አባል ስለነበሩ ለወጪው ብለው የሸጡት ነገር የለም። አባቴ የጎረቤቱ ላም አለመሸጧን አየ፣ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። በሚቀጥለው ዓመት ቡናው ተለቅሞ ብር እጁ እንደገባ መጀመሪያ የከፈለው እሱን ነው። እስከ ዛሬ ይከፍላል። መድኃኒት ጠፋ ሲባል ይናደዳል፣ ይሳደባል፣ ግን ይከፍላል።

አሁን የራሴን ልናገር። ለእኛ ለደሞዝተኞች የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ወጥቶ ነበር፣ 690/2002። ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ነበር የታሰበው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሊያስረዱን ሲመጡ አምርረው ከተቃወሙት አንዱ እኔ ነኝ። ተነስቼ ተናግሬያለሁ፣ ተጨብጭቦልኛል። እንደኔ ያለ ሠራተኛ በየቦታው ስለተቃወመ ነገሩ ለዓመታት ሲራዘም ኖረ። ምክንያቴ ያኔ ሦስቱ በመቶ አልነበረም። ደሞዜን ቆርጣችሁ መድኃኒት ወደሌለበት ቦታ ነው የምትልኩኝ ነበር ያልኩት። ዛሬም ስህተት ነበር አልልም። ግን እናቴ አምና ስትታመም ሚስቴና እኔ ያለንን አራግፈን ተበደርን፣ አባቴ ደግሞ የሷን ካርድ አውጥቶ «ይሄስ ምን ሊሆን ነው?» አለኝ። እኔ የተማርኩት እየተበደርኩ እሱ ያልተማረው በካርድ ሊያሳክማት ተነሳ። ያንን ቀን ሳስታውስ ያ ጭብጨባ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ አዎ ነው፣ እከፍላለሁ። ከሦስት በመቶም በላይ ቢሆን እከፍላለሁ። የሚሰበሰበው ግን ለብቻው ይቀመጥ፣ ከሌላ በጀት ጋር አይቀላቀል፣ መጀመሪያም መድኃኒት ይግዛ። ባጃጅ 3 እግር ያለው ጥያቄ እኮ ቀላል ጥያቄ ነው፣ መልስ ያጣነው በመክበዱ አይደለም።

ባለ ሱቁ

የመንደራ እናት፣ እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። በፊት እንዲህ አስቤው አላውቅም።

ሂሳብ ሠራተኛው፣ ደብተር ጀምሬያለሁ፣ ዛሬ ሁለተኛ ቀኔ ነው። የጅምላ ሻጩን ጉዳይ ግን እኔ ብቻዬን አልችለውም። መርካቶ ካሉት የቤት ዕቃ ሻጮች ጋር ተነጋግረን ሙሉ ደረሰኝ ከማይሰጥ ሰው አንገዛም ብንል ያዋጣል ወይ? ሰባት ስምንት ሆነን አንድ መኪና ሞልተን ብናዝ ያዳምጠናል ብዬ አስባለሁ። የሞከረ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሂሳብ ሠራተኛው

ያዋጣል። ብቻህን ስትሆን ነው ተወው የሚልህ። ትእዛዙን በአንድ ሰው ስም አታድርጉት፣ እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ የግብር ከፋይ ቁጥር ደረሰኝ ይቆረጥላችሁ፣ አለዚያ በኋላ ቫቱን ማቀናነስ አትችሉም። ክፍያውንም በባንክ አድርጉት፣ ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ አትሂዱ።

የቆጪ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ገለቶማ። አባባ፣ እርስዎንም በተለየ።

ትናንት ወደዚያ ሱቅ ተመለስኩ። 900 ብሩን ልክፈልና ደረሰኝ ቁረጥልኝ አልኩት። ግራ ገባው፣ የሆነ ነገር የላከኝ ሰው ያለ መሰለው። ማንም እንዳልላከኝ ነገርኩት። «የዛሬ ሳምንት የተሸጠ ዕቃ ዛሬ እንዴት እቆርጣለሁ» አለና ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ብርጭቆውን አነሳ፣ ላስቲኩን ገለጠ፣ ማሽኑን አበራ። ወረቀት የለውም። ወረቀት ሲያስገባ ቅዳሜ ነይ ብሎኛል፣ እሄዳለሁ።

ልጁ ተሽሎታል፣ ዛሬ ግቢ ውስጥ ኳስ ሲጫወት ነበር። እናቱን ነገ ጠዋት ይዣት ቀበሌ ልሄድ ነው፣ አምና የነበረ ስም ለምን እንደወጣ በጽሑፍ እንዲነግሩን እጠይቃለሁ። የመንደራ እናት፣ አንቺ ስትመዘገቢ ምን ምን ወረቀት ነበር የጠየቁሽ? የአምናው ካርድ አላት፣ የቀበሌ መታወቂያዋ ግን ጊዜው አልፎበታል። መጀመሪያ እሱን ታሳድስ ወይስ እንዲሁ እንሂድ? እስከ ማታ ብትመልሺልኝ ደስ ይለኛል።